ሁዳዴን የጾመው ብረት

የደካማን ሰው ድካም ከራሱ ከደካማው የሚሸሽግ ሰው አዘነለት አይባልም፤ ሰረቀው እንጂ። የዘመን መክፋትም ለዚህ ሌብነት ሰበብ ይሆናል እንጂ ይቅርታ አይሆንለትም። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ሌላ ነገር አትፈልጉበት።

አንድ ሰው ነበረ። በአዳማ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ሰፊ አዳራሽ ነበረው። አዳራሹ ሰዎች ብረት እያነሡ ሰውነታቸውን የሚያጠነክሩበት ስፖርት ቤት ነው፤ እናንተ ጂም የምትሉት። ሰውዬው ስንሻው ይባላል። ቤቱን ያገኘው ከአባቱ ነው።

እኔ ስለ ብረት ማንሣት የማውቀው ጥቂት ነው፤ ሰውነቱን የሚያሠለጥነውንም ሰው አልነቅፍም። ሥጋም የተሰጠን አደራ ነውና። የምናገረው ስለ ሥጋ ሳይሆን ስለ ቃል ነው።

የስንሻው አባት ከበሩ በላይ በቀይ ቀለም እንዲህ የሚል ቃል አጽፈው ነበር፦ «ብረት ሰውን አያባብልም።» ወዳጅህ ሊያባብልህ ይችላል። መስተዋትም ያባብላል፤ ለዚያውም ደኅና መብራት ካገኘ። ብረት ግን ትናንት ያላነሣኸውን ዛሬ ካነሣኸው በርትተሃል ይልሃል፤ ካላነሣኸው አልበረታህም ይልሃል። ከዚህ የሚያልፍ ንግግር የለውም።

ሰዎች ወደዚያ ቤት ይመጡ የነበሩት ለዚህ ነው። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ነበር። ማራገቢያው መብራት ሲኖር ይዞራል፤ ሲጠፋ ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነበር። ነገር ግን ሃያ ኪሎ የተጻፈበት ብረት ሃያ ኪሎ ነበር።

ሽማግሌው አባቱ የጀመሩት ሌላም ልማድ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሁዳዴ በገባ ሰኞ፣ የሚጾም ሠልጣኝ ሁሉ ከሚያነሣው ዘንግ አንድ ብረት አውልቆ ከግድግዳው ሥር ያስደግፋል። ብረቱ እስከ ፋሲካ እዚያው ይቆያል። ከፋሲካ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ብረት አንሥቶ ወደ ዘንጉ ይመልሳል። «የግድግዳ ብረት» ይሉታል። ማንም በዚያ አያፍርም ነበር። ሽማግሌውም፣ «ሆዳችን ቀንሷል፤ ክንዳችንም ይቀንስ። ደክሞናል ማለት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ደክሞን ሳለ አልደከመንም ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ሽማግሌው ዐረፉ። ቤቱ ለልጁ ሆነ። ዘመኑም ከፋ።

ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ። የጠዋቱ ዋጋ ማታ የማይገኝበት ገበያ መጣ። ሰው ኑሮ ሲጠብበው አስቀድሞ የሚያስቀረው ምንድን ነው? እንጀራውን አያስቀርም። የልጁን ትምህርት ቤት አያስቀርም። ስፖርቱን ያስቀራል። በዚያ ላይ ከመንገዱ ማዶ ዐዲስ ጂም ተከፈተ፤ ግድግዳው በሙሉ መስተዋት፣ አየሩ በማሽን የቀዘቀዘ፣ ሙዚቃው እስከ መንገድ የሚሰማ። ሠልጣኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ማዶ ተሻገሩ።

ሁዳዴ ሲቃረብ ስንሻው በባዶው አዳራሽ ቆሞ ግድግዳውን ተመለከተ። በልቡም እንዲህ አለ፦ «ሰኞ እነዚህ ብረቶች ከግድግዳው ሥር ሊደረደሩ ነው። ከማዶ የመጣ ሰው አይቷቸው ምን ይላል? የደካሞች ቤት ነው ይላል። የቀሩኝም ክንዳቸው ሲዝል አይተው ያፍራሉ፤ አፍረውም ይቀራሉ። በዚህ ዓመት ቢቀሩ ደግሞ አይመለሱም።»

እንግዲህ ፍርሃቱ ሐሰት ነበር? አልነበረም። ቤቱ በእውነት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ይህን የምነግራችሁ፣ ክፉ ሥራ ሁልጊዜ ከክፉ ሐሳብ ይጀምራል ብላችሁ እንዳትታለሉ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእውነተኛ ፍርሃት ነው።

በሩ ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ብረቶቹን ሁሉ ጭኖ ወደ ቶርኖ ቤት፣ ብረት እየፋቁ ወደሚያስተካክሉበት ቤት ወሰዳቸው። ባለሙያው ገመቹ የሚባል ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር።

«ምን ልሥራልህ ጋሼ ስንሻው?» አለው።

«ከጀርባቸው ፋቅልኝ። ፊታቸውን እንዳትነካብኝ።»

«ምን ያህል ልፋቅ?»

«ከእያንዳንዱ ሩቡን።»

ገመቹ ብረቱን አገላብጦ አየና ሳቀ። «ምነው ጋሼ! ዘንድሮ ብረቱም ሁዳዴን ሊጾም ነው እንዴ?»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

«እሠራለሁ፤ ለእኔ ምን ቸገረኝ። ብቻ አንድ ነገር ልንገርህ፤ የተፋቀ ብረት እንደ ተላጨ ጠጉር አያድግም። በፋሲካ ማግስት መጥተህ ገመቹ መልስልኝ እንዳትለኝ።»

ስንሻው አልሳቀም። ብረቶቹ ተፋቁ። ፊታቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር እንደ ነበረ ሆኖ፣ ጀርባቸው ጎደጎደ። ሃያ የሚለው ዐሥራ አምስት ሆነ፤ ሃያ ይላል ግን። ወደ አዳራሹ ተመልሰው ፊታቸውን ወደ ሰው፣ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተሰቀሉ፤ ወደ ዘንጉ ሲገቡም ጀርባቸው እንዳይታይ ስንሻው ራሱ ይገጥማቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ስንሻው ሠዓሊ ጠርቶ ከበሩ በላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አሳደሰው። የአባቱ ቃል ከቀድሞው ይልቅ ደምቆ ታየ። አስተውላችኋል? ቃሉን ያሳደሰው ቃሉን ባፈረሰበት ሳምንት ነው። ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን ነገር በሩ ላይ ለማድመቅ እምብዛም አይቸኩልም።

ሁዳዴ ገባ። ሰኞ ዕለት ከሠልጣኞቹ አንዱ እንደ ልማዱ ብረት ሊያወልቅ እጁን ሲዘረጋ ስንሻው፣ «ዘንድሮ ተወው። እስቲ ሳትቀንስ ሞክረው» አለው። ሰውዬው ሞከረ። ብረቱም ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

«ኧረ ጉድ! በቅቤ ያላነሣሁትን በሽሮ አነሣሁት!»

«ሽሮው አይደለም፤ ሽምብራው ነው። የማን እንደሆነ ንገረንና እኛም እንግዛ።»

«ዝም በል አንተ፤ የጾሙ በረከት ነው።»

«ታዲያ በረከቱ ማዶ ያሉትን ምነው ረሳቸው? ትናንት አንዱ እዚያ ከዘንጉ ሥር ገብቶ ኧረ አውጡኝ ሲል ነበር።»

ወሬው መንገዱን ተሻገረ። ወደ ማዶ የሄዱት ተመለሱ፤ ከማዶም ዐዲስ ሰዎች መጡ። «እዚያ እንደክማለን፤ እዚህ እንበረታለን» ይሉ ነበር። ቤቱ ሞላ። ስንሻውም ተነፈሰ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ነጋዴ ሚዛን ሲሰርቅ ታውቃላችሁ፤ ገዢው ቤቱ ሄዶ ሲመዝነው ጎድሎ ያገኘዋል፤ ይረግመዋል። ይህ ሰው ግን ሚዛን ሰርቆ ተመረቀ። የተሰረቁት ሁሉ እየሳቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንግዲህ ማን ተጎዳ?

ከሠልጣኞቹ መካከል ወርዶፋ የሚባል ሰው ነበረ። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። የተሠራ ልብስ በቦንዳ እየገባ ገበያውን ስለ ወሰደበት፣ ቀኑን የሚውለው ዚፕ በመቀየርና ሱሪ በማሳጠር ነበር። እናቱን ይጦራል። በዚያ ዓመት የእሳት አደጋ ሠራተኞች እንደሚቀጠሩ ማስታወቂያ ወጣ። ለመቀጠር ግን ስድሳ ኪሎ ከመሬት አንሥቶ፣ ደረት ላይ አድርሶ፣ ከራስ በላይ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። ዕድሜም ተወስኗል፤ ወርዶፋ በዚያ ዓመት ካላለፈ በሚመጣው ዓመት አይመዘገብም። በሩ ለእርሱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር ነበር።

በረንዳው ላይ ያሉ ሴቶች ያሾፉበታል። «ወርዶፋ፣ እሳቱን በመርፌ እየወጋህ ልታጠፋው ነው?» ይሉታል። እርሱም፣ «አይ፣ እናንተ በምላሳችሁ ለኩሱት እንጂ ማጥፊያውን እኔ ዐውቃለሁ» ይላቸዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጂም አልመረጠም። የስንሻውን ቤት የመረጠው ከበሩ በላይ ያለውን ቃል አንብቦ ነው። «እኔ የሚያባብለኝ አልፈልግም፤ ጊዜ የለኝም» አለ።

ይህን ቃል ስንሻው በጆሮው ሰምቷል።

የስንሻው ሚስት ትርንጎ ትባላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን የምትጠርገው እርሷ ነበረች። ትልልቆቹን ብረቶች መሸከም ስለማትችል እንደ ጎማ እያንከባለለች ሥራቸውን ትጠርጋለች። በሁዳዴ እኩሌታ በአንዱ ቅዳሜ፣ ልታንከባልለው የያዘችው ብረት ከመሬት ተነሣላት። እርሷም በጣም ሳቀች።

«ስንሻው! ስንሻው ና እይ! ሚስትህ ጎብዛልሃለች!»

ስንሻው መጣ። አልሳቀም። ብረቱን ከእጇ ወስዶ ከግድግዳው ሊያስጠጋው ሲል እርሷ ያዘችው፤ ገለበጠችውም። የጎደጎደውን ጀርባ አየች። ሳቋ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀስ በይ። ሰዉ እንዳይሄድብን ብዬ ነው።»

«አባባ የግድግዳውን ብረት የደነገጉት ለዚህ አልነበረም?»

«አባባ የኖሩት በደኅና ዘመን ነው፤ ትርንጎ። ያኔ ሌላ ነበር።»

«የምን ደኅና ዘመን? አባባ ይህን ቤት የከፈቱት እኛ ለዳቦ በቀበሌ ተሰልፈን ስናድር አይደለም? ያንንም ዘመን ደኅና አልከው?»

ስንሻው የተያዘ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ቀጠሮ ሰጠ። «ከፋሲካ በኋላ ሌላ ብረት አስቀርጻለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ፋሲካ መጣ። ሰዉ ገደፈ፤ ሥጋና ዕንቁላል በላ፤ ክንዱም በረታ። አሁን ብረቱ ሊመለስ ይገባ ነበር። ነገር ግን አስቡት፤ በጾም በሽሮ ሃያ ያነሣ ሰው፣ በፋሲካ በዶሮ ዐሥራ አምስት ቢያነሣ ምን ይላል? ሐሰት እንዲህ ናት። ስትገባ አንዲት ቀን ብቻ አሳድሩኝ ትላለች፤ ካደረች በኋላ የቤቱን ቁልፍ ይዛ ትገኛለች።

ትርንጎ ቃሉን ስታስታውሰው ስንሻው፣ «ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ» አለ። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። «የርክበ ካህናት ሳምንት ይለፍ» አለ። እርሱም አለፈ። «ጰራቅሊጦስ ይለፍ» አለ። በዓላቱ ሁሉ በየተራ አለፉ፤ ስንሻው ግን ከቆመበት አላለፈም።

በበዓለ ኀምሳው መካከል ወርዶፋ ድምሩ ስድሳ የሚለውን ብረት ከራሱ በላይ አወጣ። አዳራሹ ጮኸ። «እሳት ሆይ፣ ወዮልሽ!» አለ አንዱ። በማግስቱ እናቱ ወይዘሮ ጫልቱ ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ በነጠላ ሸፍነው መጡ። ከበሩ ቆመው ስንሻውን መረቁት።

«ልጄን ሰው አደረግህልኝ። እጅህ አይንጠፍ። ቤትህ ይሙላ።»

ስንሻው ዳቦውን ተቀበለ። ቆርሶ በላ።

የሰኔ ጾም ገብቶ የፈተናው ሳምንት ሲደርስ ወርዶፋ ወደ ስንሻው ቀረበ። በአዳራሹ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ከማዶ የመጡ ዐዲሶች በበሩ ቆመው ይጠባበቃሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የበረንዳ ቦታዬን የሚፈልግ ሰው መጥቷል፤ ዛሬ ወይም ነገ መልስ ስጠኝ ይለኛል። ብለቅለት መኪናዬን የማስቀምጥበት የለኝም። ፈተናውን ግን የማልፍ ከሆነ ምን ያደርግልኛል? እውነቱን ንገረኝ። እደርሳለሁ?»

እንግዲህ ይህ ነው ሰዓቱ። ለእያንዳንዱ በደለኛ በር የሚከፈትበት ሰዓት አለ፤ ለስንሻውም ተከፈተ። ጥቂት ቃል ይበቃ ነበር። «ልጄ፣ ብረቱ ተፍቋል፤ ቦታህን አትልቀቅ፤ ና ከዛሬ ጀምሮ በእውነተኛው እንሥራ» ማለት ይበቃ ነበር። ያፍር ነበር፤ አዎን። ጥቂቶችም ይሄዱ ነበር።

ስንሻው በበሩ የቆሙትን ዐዲሶች አየ። ከዚያም ጣቱን ከበሩ በላይ ወዳለው ጽሑፍ አነሣና እንዲህ አለ፦

«ብረት ሰውን አያባብልም። አንሥተኸው የለም እንዴ?»

ወርዶፋ ቦታውን ለቀቀ።

ስንሻው የአባቱን እውነት ለሐሰቱ ምስክር አድርጎ አቆመው። ከብረቱ መፋቅ ይልቅ ይህ የከፋ ነው። ብረት የፋቀ ሰው ብረት ፋቀ፤ ይህ ግን ቃልን ፋቀ።

ፈተናው ሆነ። ወርዶፋ ስሙ ሲጠራ ወጣ። ዘንጉን ያዘ። ብረቱ ከጉልበቱ አለፈ፤ ደረቱ ላይ አልደረሰም። ወደ መሬት ተመለሰ። ሁለተኛ ዕድል ሰጡት። በሁለተኛው ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ተቆረጠበት፤ ተንበረከከ።

ፈታኙ ክፉ ሰው አልነበረም። «ወንድሜ፣ ስድሳ ኪሎ አንሥተህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎ ጌታዬ። ብዙ ጊዜ።»

«በሕልሙ ይሆናል!» አለ ከተራው አንዱ። ሁሉም ሳቁ። ወርዶፋ አልተከራከረም፤ የተጻፈበትን በዐይኑ አይቶ ያነሣ ሰው ነውና ምን ብሎ ይከራከራል? ብረቱን አልጠረጠረም። ራሱን ጠረጠረ።

በማግስቱ ወገቡን ይዞ ወደ ስንሻው ቤት መጣ። ሠልጣኞቹ ሁሉ ነበሩ። ትርንጎም መጥረጊያ ይዛ ከጥግ ቆማ ነበር። ወርዶፋ ስንሻው ፊት ቆሞ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አሳፈርሁህ።»

ይህን ሰማችሁ? የተሰረቀው ሰው ሌባውን ይቅርታ ጠየቀ።

«ምን እንደ ነካኝ አላውቅም» አለ ወርዶፋ። «እናቴ ዐይነ ጥላ ነው ትላለች። ያንተን ልፋት ከንቱ አደረግሁት።»

ስንሻው፣ «አይዞህ። ጾሙ ጎድቶህ ይሆናል» አለ።

በጾሙ ላይ አላከከው። ያን ጊዜ ትርንጎ መጥረጊያዋን ጣለች። ሃያ ኪሎ የሚለውን ትልቁን ብረት ከተሰቀለበት አወረደችና ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። ወንዶቹ ተያዩ። ያን ብረት እንዲህ ይዛ የምትሄድ ሴት አላዩምና ተከተሏት። በመንገዱ ዳር ወፍጮ ቤት አለ፤ ወደዚያ ገባች። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ቦታ ለቀቁላት። ባለ ወፍጮው ፊቱ ዱቄት ለብሶ ብቅ አለ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይኼኛው እህል ደግሞ ከየት የመጣ ነው? ለንፍሮ ነው ለቆሎ?»

«መዝነው።»

«ተጽፎበት የለ እንዴ?»

«የተጻፈውንማ እኔም አነባለሁ። መዝነው ነው የምልህ።»

መዘነው። ሚዛኑ ዐሥራ አምስት አለ።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አለ ከሠልጣኞቹ አንዱ።

«የኔ ሚዛን?» ባለ ወፍጮው ተቈጣ። የሚዛን ድንጋዩን አንሥቶ አስቀመጠበት፤ ልክ ሆነ። «ይኸው! በኔ ሚዛን እነዚህ ሁሉ እናቶች ይበላሉ። ያንተን ብረት ጠይቀው።»

ትርንጎ ብረቱን ገለበጠችው። ሁሉም ጀርባውን አዩ። ያን ጊዜ ስንሻው ደረሰ። ሰዎቹን አየ፤ ብረቱን አየ፤ መካድ እንደማይቻል ዐወቀ። ቢሆንም አፉን ከፈተ።

«ማንን ጎዳሁ? ደስ ብሏችሁ አልነበረም? ቤቱ ቢዘጋ ይሻላችሁ ነበር? ዘመኑን ታውቁታላችሁ!»

ወርዶፋ ወገቡን ይዞ ወደ ፊት መጣ። አልጮኸም። አንድ ጥያቄ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ የእናቴን ዳቦ ስትበላ ታውቅ ነበር?»

ሴቶቹም ወንዶቹም ወደ ስንሻው ዞሩ። ወፍጮው ይዞር ነበር።

ምእመናን፣ አሁን ወደ እናንተ እመለሳለሁ።

ዘመኑ ክፉ ነው ትሉኛላችሁ። እኔም ዐውቃለሁ። ከእናንተ መካከል ሱቅ ያለው አለ፤ ዳቦ ቤት ያለው አለ፤ ትምህርት ቤት የከፈተ አለ፤ እንደ ስንሻው የሰውን ሰውነት የሚያሠለጥንም አለ። ነገ ምን እንደሚሆን ማናችሁም አታውቁም። ቀንሱ፤ መቀነስን ማንም አልከለከላችሁም። ነገር ግን የምትቀንሱትን ከግድግዳው ሥር፣ ሰው በሚያየው ቦታ አስቀምጡት። ዳቦው ካነሰ አንሷል በሉ። ዕቃው ከሳሳ ሳስቷል በሉ። «በዚህ ወር ይህን ማድረግ አልቻልሁም» የሚል ነጋዴ ደንበኛ ሊያጣ ይችላል። ፊቱን ትቶ ጀርባውን የፋቀ ግን ደንበኛ ሳይሆን የሰው ዕድል ያጠፋል።

መምህር ሆይ፣ ያልተማረውን ልጅ ተምረሃል ብለህ ስታሳልፈው አዘንህለትን? ፈተናው ነገ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አንተ በዚያ አትኖርም። አባት ሆይ፣ ሰነፉን ልጅህን ጎበዝ እያልህ ስታሳድገው ወደድኸውን? ዓለም የምታነሣው ብረት በቶርኖ የተፋቀ አይደለም። ካህን ሆይ፣ ኀጢአቱን ይዞ የመጣውን ሰው «ቀላል ነው» ብለህ ስትመልሰው ሸክሙን አቀለልህለትን? ሸክሙ እንደ ነበረ ነው፤ የፋቅኸው ዐይኑን ነው።

ጾም ለምን ተሰጠን? ድካማችንን እንድናይ አይደለምን? ጉልበታችን ሲንቀጠቀጥ፣ ክንዳችን ሲዝል፣ «ለካ የምቆመው በራሴ አይደለም» እንድንል አይደለምን? ስንሻው ለእነዚያ ሰዎች የጾሙን ርኃብ ተወላቸው፤ ትምህርቱን ግን ሰረቃቸው። እናንተስ? በርካቶቻችሁ በራችሁ ላይ ጥሩ ቃል ጽፋችኋል። አንብቤዋለሁ። «ታማኝነት መለያችን» ይላል አንዱ። ቀለሙ ያምራል። እኔ ግን የምጠይቃችሁ ስለ ቀለሙ አይደለም። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ብረታችሁን ገልብጡት። ጀርባውን እዩ። ሌላ ሰው በወፍጮ ቤት ሳይገለብጠው እናንተ ገልብጡት።

ደግሞም ከፋሲካ በኋላ አትበሉ።

የቀረውን ልንገራችሁና ላብቃ። ወርዶፋ በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበም፤ ዕድሜው አልፎ ነበር። የበረንዳ ቦታውም አልተመለሰለትም። አሁን በሌላ ሰው መኪና ይሰፋል፤ ወገቡን ስለሚያመው በየጥቂቱ ይነሣል። እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው፤ የፈተናው ቀን ግን አልተመለሰም።

የስንሻው ስፖርት ቤት ክረምቱ ሳይወጣ ባዶ ሆነ፤ ተዘጋም። ብረቶቹን ቁራሌ በሚዛን ገዛቸው፤ ማንም የተጻፈባቸውን አላነበበም። አዳራሹን የተከራየው ሰው በቀዩ ጽሑፍ ላይ ነጭ ቀለም ቀባበት። በአዳማ ገበያ እህል ጎድሎባት የምትቈጣ ሴት ዛሬም፣ «የስንሻው ብረት ነው እንዴ?» ትላለች።

ስንሻው በአንድ የእህል መጋዘን ተቀጥሮ ይሠራል። ጉልበቱ ደኅና ስለሆነ ኩንታሉን ከመኪና አውርዶ ሚዛን ላይ የሚያወጣው እርሱ ነው። ሚዛኑን እንዲያነብ ግን አልተፈቀደለትም፤ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።